ቸርችል ቁልቁለት ላይ ጡንቻችን ውስጥ የሚቀደደው ነገር

ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር በሩጫ መውረድ ለሳንባ እረፍት ነው። ትንፋሽ አያጥርም። እግር ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ዳገቱን ይፈራል፣ ቁልቁለቱን ይንቃል። በማግስቱና በተለይ በሦስተኛው ቀን ግን ጭኑ ተሳስሮ ደረጃ በጎን የሚወርደው፣ ታክሲ ውስጥ የፊት ወንበሩን ጨብጦ ቀስ እያለ የሚቀመጠው ያው ቁልቁለቱን የናቀው ሰው ነው።

የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ መስቀል አደባባይ ያለውን የእግረኛ መንገድ ካሰፋው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሲሮጥ የሚታየው ሰው በዝቷል፤ ደስ ይላል። አብሮት የሚዞረው ምክር ግን ልክ አይደለም። «ላክቲክ አሲድ ነው፣ ነገም ሮጠህ አስወጣው» ይባላል። ላክቲክ አሲድ እኮ ሩጫው ካለቀ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻም ከደምም ይጠፋል። ሕመሙ የሚበረታው ደግሞ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ላክቲክ አሲድ በብዛት የሚመረተው ዳገት ላይ ነው። ጥፋተኛው እሱ ቢሆን ኖሮ ከለገሃር ወደ ፒያሳ የወጣው ሰው ነበር ከወረደው ይልቅ የሚያነክሰው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ሴሉ ቆዳ መውረድ አለብን። አንድ የጡንቻ ክር አንድ ሴል ነው። በጣም ቀጭን ነው፣ ርዝመቱ ግን በሴንቲ ሜትር የሚለካ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ርዝመት የሚሸፍነው የውጭ ሽፋን ውፍረቱ 5 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር 200 ሺህኛ ማለት ነው። ድርብ የቅባት ንጣፍ፣ በመሃሉ ኮሌስትሮልና ፕሮቲን፣ በቃ። ዳገት ስንወጣ የጭን ጡንቻችን እያጠረ ነው የሚሠራው። ቁልቁለት ላይ ግን እንዳንወድቅ ሊይዘን እየተኮማተረ ሳለ፣ በዚያው ቅጽበት የሰውነታችን ክብደት ይለጥጠዋል። እያንዳንዱ ክር ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ያ ስስ ሽፋን ይቀደዳል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመራማሪው ፖል ማክኒል ከባልደረባው ጋር አይጦችን በተዘቀዘቀ የመሮጫ ማሽን ላይ ቁልቁል አስሩጠው ጡንቻቸውን መረመሩ። በጡንቻ ክሮቹ ውስጥ አልቡሚን ተገኘ። አልቡሚን የደም ፕሮቲን ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ጤነኛ የሴል ሽፋን ዝም ብሎ አያሳልፈውም። ገብቶ ከተገኘ በር ተከፍቶለት ነበር ማለት ነው። ሕመሙ ራሱ ከቀዳዳው ብቻ አይመጣም፤ ክሩ ውስጥ ያለው መዋቅር ሲጎዳ፣ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ሊያጸዱ ሲመጡና ጡንቻው ሲያብጥ የሚሰማ ነገር ነው። ለዚህም ነው አንድ ሁለት ቀን የሚዘገየው።

እኔን ግን ከሕመሙ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚያ የተቀደዱ ሴሎች አብዛኞቹ አይሞቱም። በሰከንዶች ውስጥ፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ደቂቃ፣ ራሳቸውን ጠግነው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በጡንቻ ብቻም አይደለም። ምግብ በሚያልፍበት የአንጀት ግድግዳ፣ በቆዳ፣ ያለ እረፍት በሚመታው ልባችን ውስጥ ሳይቀር ሴሎች በየጊዜው ይቀደዳሉ፣ በየጊዜው ይዘጋሉ። እኛ የምናውቀው ነገር የለም።

ጎማ ሲተነፍስ መኪናውን አቁሞ፣ ጎማውን ፈቶ፣ ቀዳዳውን ፈልጎ የሚለጥፈው ጎሚስታ ጊዜ አለው። ሴል ግን ጊዜ የለውም፤ ሳይቆም ነው የሚጠግነው። ለምን እንዲህ እንደሚቸኩል ለመረዳት ከውጭ ያለውን ካልሲየም ማየት ነው። ከሴል ውጭ ያለው የካልሲየም መጠን ውስጥ ካለው 10 ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሴል ይህን ልዩነት ለመጠበቅ ሌት ተቀን ጉልበት ያወጣል። ሽፋኑ ሲቀደድ ካልሲየሙ ይጎርፋል። ይህ ጎርፍ ሁለት ነገር በአንዴ ነው፦ የአደጋ ደወልም ነው፣ መርዝም ነው። ለጥቂት ሰከንድ ከሆነ ጠጋኞችን ይጠራል። ከቆየ ግን ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል፣ የሴሉን ኃይል የሚያመርተውን ማይቶኮንድሪያ ያበላሻል፣ ሴሉ ከውስጥ ይፈርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅዳድ የሰዓት እሽቅድምድም ነው።

የካልሲየም ነገር የታወቀው ቀድሞ ነው። በ1930ዎቹ ሉዊስ ሃይልብሩን የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ የእንቁላሉ ሽፋን ሲቀደድ በቀዳዳው ላይ አዲስ ስስ ሽፋን ይሠራል። ካልሲየም በሌለበት ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ፈስሶ ያልቃል። ያኔ ለምን እንደሆነ ማየት የሚያስችል መሣሪያ አልነበረም። መልሱ የመጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ለረጅም ጊዜ የታሰበው ቅባት ስለሆነ ራሱ ይገጥማል የሚል ነበር። ለጥቃቅን ቀዳዳዎች ይህ እውነት አለው፤ ቅባት ጠርዙ ከውሃ ጋር መነካካቱን ስለማይወድ ይዘጋል። ነገር ግን እውነተኛ ሴል ልቅ ኳስ አይደለም። ሽፋኑ ከሥሩ ባለ የፕሮቲን መረብ ተወጥሮ ተይዟል። ትልቅ ቀዳዳ ሲከፈት ውጥረቱ ጠርዞቹን ወደ ኋላ ይስባቸዋል፣ ቀዳዳው እንደውም ሊሰፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሪቻርድ ስታይንሃርትና ባልደረቦቹ ያሳዩት ነገር ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቦቱሊነምን የመሳሰሉ፣ ነርቭ መልእክቱን እንዳይለቅ የሚያደርጉ መርዞችን ወደ ሴሎች ሲያስገቡ ሴሎቹ ቅዳዳቸውን መዝጋት አቃታቸው። ስለዚህ ጥገናው ዝም ብሎ የቅባት ጸባይ አይደለም። ሴሉ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ከረጢቶች ወደ ቀዳዳው ሄደው ከሽፋኑ ጋር መዋሃድ አለባቸው። ሴል የሚጠግነው በገዛ ክምችቱ ነው።

ከእነዚህ ከረጢቶች ዋነኞቹ ሊሶሶሞች መሆናቸው የታየው በ2001 በኖርማ አንድሩስ ቤተ ሙከራ ነው። ሊሶሶም ያረጀና የተበላሸ ነገር የሚፈጭበት የሴሉ ክፍል ነው ተብሎ ነበር ሲታወቅ የኖረው። ለካስ ሌላም ሥራ ነበረው። ካልሲየም ሲገባ ሊሶሶሞች ወደ ዳር ይሮጣሉ፣ ከሽፋኑ ጋር ይዋሃዳሉ፣ ውጥረቱ ይላላል። በዚያ ላይ አንድ ኢንዛይም ወደ ውጭ ይረጫሉ፤ ኢንዛይሙ በሽፋኑ ላይ ያለ አንድ የቅባት ዓይነት ቆርጦ ሌላ ያደርገዋል፣ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ቀዳዳውን ይዞት ይገባል። ቁስሉን ሴሉ ዋጠው ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ሌላም መንገድ አለ። ቅዳዱ ሰፊ ሲሆን ከረጢቶቹ እርስ በርስ ተዋህደው አንድ ትልቅ ልጣፊ ይሠሩና ቀዳዳውን ይደፍኑታል። አኔክሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ካልሲየም ሲነካቸው በሰከንዶች ውስጥ ጠርዙ ላይ ተሰብስበው ይደራረባሉ፣ ቅዳዱ እንዳይሰፋ ይይዙታል። በጣም ጥቃቅን ለሆኑት፣ ከ100 ናኖ ሜትር በታች ላሉት፣ ደግሞ በ2014 የታወቀ ሌላ የፕሮቲን ቡድን አለ፤ ኤስክርት ይባላል። ይህ ቡድን የተጎዳውን ቦታ ወደ ውጭ ገፍቶ ቆርጦ ይጥለዋል። ኤስክርት አንድ ሴል ለሁለት ሲከፈል የመጨረሻዋን ማያያዣ የሚቆርጠው ነው። ኤችአይቪም ከሴል ሲወጣ ይህንኑ መሣሪያ ይጠቀማል። ሴል ለእያንዳንዱ አደጋ አዲስ ዕቃ አይሠራም፤ ያለውን ነው የሚያዞረው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ይህ ጥገና ሲበላሽ ምን ይሆናል?

ዲስፈርሊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ጂኑ የተገኘው በ1998 ነው። በ2003 በኬቨን ካምቤል ቤተ ሙከራ አንድ ግልጽ ሙከራ ተሠራ። የጡንቻ ክርን የሚያበራ ቀለም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ አድርገው በሌዘር ጫፉን በሱት። ጤነኛው ክር ጥቂት ቀለም ከገባበት በኋላ ተዘጋ። ዲስፈርሊን የሌለው ክር ግን ቀለሙ እየገባበት፣ እየገባበት ቀጠለ። መዝጋት አልቻለም። የሚቀደደው እንደማንኛውም ጡንቻ ነው፤ ችግሩ ጥገናው ላይ ነው።

ይህ ጉድለት ያለበት ሰው ሲወለድ ጤነኛ ነው። ልጅነቱን እንደ እኩዮቹ ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል፤ ብዙዎቹ እንደውም ጎበዝ ስፖርተኞች የነበሩ ናቸው። ከዚያ በአሥራዎቹ መጨረሻ ወይም በሃያዎቹ መጀመሪያ በጣት መቆም ያቅታል፣ ባት ይሳሳል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳል። ቤተሰብ «ምን ነክቶት ነው» ይላል። ወጌሻ ይፈለጋል፣ ጸበል ይኬዳል። ጸበሉን ተዉ የምል ሰው አይደለሁም። የምለው አንድ የደም ምርመራ አብሮ ይጨመር ነው፤ ሲኬ ይባላል፣ ሙሉ ስሙ ክሪያቲን ካይኔዝ። በጡንቻ ሴል ውስጥ የሚኖር ኢንዛይም ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ወደ ደም ይፈሳል። እነዚህ ሰዎች ላይ ቁጥሩ ከጤነኛው ልክ በብዙ አሥር እጥፍ ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው እኔ በጣም የምጨነቅበት ጉዳይ ያለው። በየላብራቶሪው ወረቀት ላይ ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ተብለው የሚጻፉትን ኢንዛይሞች ሁሉም ሰው የጉበት ምርመራ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ጉበት ውስጥ አሉ፣ ልክ ነው። ግን ጡንቻ ውስጥም አሉ! ጡንቻ ሲቀደድ ከሲኬ ጋር አብረው ይፈሳሉ። ስለዚህ የጡንቻ በሽታ ያለበት ልጅ «ጉበቱ ነው» ተብሎ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት የጉበት መንስኤ ሲፈለግለት ሊቆይ ይችላል። የሄፓታይተስ ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ የምግብ ክልከላ፤ ሁሉም ነገር ይደረጋል፣ ምንም አይገኝም። ጤነኛ ሰውም ቢሆን ከከባድ ሩጫ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደም ቢሰጥ እነዚህ ቁጥሮች ከፍ ብለው ሊገኙ ይችላሉ። በኅዳር ታላቁ ሩጫን ሳይዘጋጅ 10 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ረቡዕ ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ ቢሄድ «ጉበትህ ተጎድቷል» ሊባል ነው። መውጫው ቀላል ነው። ሲኬ ይሠራ። ጂጂቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይምም ይታይ፤ እሱ ከጡንቻ አይመጣም፣ እሱ ደህና ሆኖ ሲኬ ከፍ ካለ ዓይናችን ከጉበት ወደ ጡንቻ መዞር አለበት። ሐኪማችሁን ስለዚህ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ዱሼን የሚባለው የልጆች ጡንቻ በሽታም ከዚሁ ሰፈር ነው፣ ምንም እንኳ መነሻው ትንሽ ቢለይም። እዚያ የሚጎድለው ዲስትሮፊን ነው፤ ሽፋኑን ከውስጥ ካለው መዋቅር ጋር የሚያስተሳስር ፕሮቲን። እሱ ከሌለ ሽፋኑ ከልክ በላይ ይቀደዳል፣ ጥገናው አይደርስበትም። የሚያጠቃው ወንዶች ልጆችን ነው ማለት ይቻላል፣ ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚወለዱ ወንዶች አንዱን። ልጁ ከመሬት ሲነሳ እጁን ጉልበቱና ጭኑ ላይ እያሳረፈ በራሱ ላይ ይወጣል። ባቱ ያበጠ ይመስላል፣ ሰው «ጠንካራ ነው» ይላል። ይህን ያየ ወላጅ አይጠብቅ። ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የነርቭና የሕፃናት ሐኪሞች አሉ፣ ቶሎ መታየት ልዩነት ያመጣል።

ባክቴሪያዎችም ይህን ሽፋን ያውቁታል። የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒሞኮከስ በሽፋኑ ላይ ቀዳዳ የሚከፍት መርዝ አለው፤ ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያም እንዲሁ። ሴሎቻችን እነዚህን ቀዳዳዎች ለመዝጋት የሚጠቀሙት ከላይ ያየናቸውን መንገዶች ነው። በላቲን አሜሪካ የቻጋስ በሽታን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ብልጥ ነው፤ ሴሉን ያቆስላል፣ ሴሉ ቁስሉን ለመዋጥ ሲሰረጉድ አብሮ ይገባል። እዚህ ላይ አልቆይም፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ስለ ስኳር በሽታ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2011 በሴሎችና በአይጦች ላይ በተሠራ ሥራ ከፍተኛ ስኳር ባለበት ሁኔታ የሽፋን ጥገና ሲደክም ታይቷል። በዚያው ዓመት ቫይታሚን ኢ ጥገናውን እንደሚያግዝ የሚያሳይ ሥራም ወጣ። ይህን ሰምቶ ወደ ፋርማሲ መሮጥ አያስፈልግም። ሥራው በመሠረቱ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፣ እንክብሉ ሩጫ ያሻሽላል ማለት አይደለም። ኦቾሎኒና የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ቫይታሚኑ አለ፣ ለብዙዎቻችን በቂ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ከዚህ የሚወስደው አንድ ነገር ካለ ስኳሩን መቆጣጠር ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አዲሱ ነገር ከእርጅና ጋር የተያያዘው ነው። በ2024 ጃፓን ኦኪናዋ ያለ የምርምር ተቋም ያወጣው ጥናት አለ። የእርሾና የሰው ሴሎች ሽፋናቸው ሲጎዳ ምን እንደሚሆኑ አዩ። እስከዛሬ የሚታሰበው ሁለት መጨረሻ ነበር፤ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ሦስተኛ መጨረሻ ተገኘ። ሴሉ ይድናል፣ ግን መከፋፈሉን ያቆማል፣ ያረጃል። ጥገናው ዕዳ ይተዋል ማለት ነው። ይህ ግኝት ስፖርት ያስረጃል ወደሚል ወሬ እንዳይቀየር እሰጋለሁ። የጡንቻ ክር ቀድሞውንም የማይከፋፈል ሴል ነው፤ የእንቅስቃሴ ጥቅም ደግሞ በሰው ላይ በብዙ አቅጣጫ የተረጋገጠ ነው። ጥያቄው ያለው ቁስል ቶሎ የማይድንባቸው ሰዎች ጋ ነው፣ እዚያ ብዙ እንሰማለን ብዬ አስባለሁ።

የሕክምናው ዓለምም በዚህ ጥገና ላይ ተደግፎ ይሠራል። በ2023 መጨረሻ በእንግሊዝና በአሜሪካ የጸደቀው የሲክል ሴል (በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ) የጂን ሕክምና ሲዘጋጅ የታካሚው ሴሎች በኤሌክትሪክ ምት ሽፋናቸው ለቅጽበት ይከፈታል፣ ጂን ቆራጩ መሣሪያ ይገባል፣ ከዚያ ሴሎቹ ይዘጋሉ። ካልተዘጉ ሕክምና የለም።

ሯጮችን በተመለከተ ቁልቁለትን መተው አያስፈልግም። ጡንቻ ይለምዳል። አንድ ጊዜ መጠነኛ ቁልቁለት የቀመሰ ጡንቻ ለሳምንታት ያህል በሁለተኛው ጊዜ በጣም ያነሰ ይጎዳል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፒያሳ እስከ ለገሃር ሙሉውን ከመውረድ በአጭሩ ጀምሩ፣ ጥቂት ቀን አሳርፉት፣ ከዚያ ጨምሩ። «ካላመመህ አልሠራህም» የሚል አሠልጣኝ ካለ አትስሙት። ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ ሽንት ጠቆር ያለ ቡኒ ከሆነ ግን ቤት ተኝቶ መጠበቅ የለም፤ ከጡንቻ የፈሰሰው ነገር ኩላሊት ላይ ደርሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ለዲስፈርሊን ጉድለት እስካሁን የጸደቀ መድኃኒት የለም። ጂኑን ወደ ጡንቻ ለማድረስ የሚጠቀሙበት ቫይረስ ጠባብ ነው፣ የዲስፈርሊን ጂን ደግሞ ረጅም፤ አይገባለትም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለሁለት ከፍለው በሁለት ቫይረስ አስገብተው ጡንቻው ውስጥ እንዲገጣጠም እየሞከሩ ነው። እስከዚያው ትልቁ ጥንቃቄ የተሳሳተ ሕክምና አለመጀመር ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ የጡንቻ ብግነት መስሎ ስለሚታይ ስቴሮይድ የሚባለው ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ዱሼን ላይ ስቴሮይድ ይጠቅማል፤ እዚህ ግን በሙከራ ተፈትሾ አልጠቀመም፣ እንደውም ጉልበት የመቀነስ አዝማሚያ ታይቶበታል። ሲኬው በጣም ከፍ ያለ፣ ባቱ የሳሳ፣ ለወራት ስቴሮይድ ወስዶ ምንም ለውጥ ያላየ ወጣት በቤታችሁ ካለ፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ ሳታቋርጡ ሐኪሙን ስለ ዲስፈርሊንና ስለ ጂን ምርመራ ጠይቁት።